ጫማዬን አልጋ ስር ደብቄዋለሁ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

እትዬ፣ እንደምን አሉ? እኔ 18 ዓመቴ ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። መረብ ኳስ መጫወት የጀመርኩት 6ኛ ክፍል ሆኜ ነው። ቁመቴ ረዘም ስለሚል የስፖርት አስተማሪያችን ጎትቶ አስገባኝ። ከዚያ በኋላ ግን መውጣት ያቃተኝ እኔው ነኝ። ከሰፈር እስከ ልምምድ ቦታ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት የምወጣባቸው ቀናት ነበሩ። አንድም ቀን ሰልችቶኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ለወጣት ቡድን ተመርጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ወጣሁ። አባቴ ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። መመረጤን ስነግረው የዕቁብ ዕጣውን ከሌላ ሰው ጋር ተለዋውጦ ቀድሞ ወሰደና ጫማ ገዛልኝ። የጉልበት መከላከያም ገዛልኝ። ለኪስ የሚሆንም ሰጠኝ። ጋራዡ ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም። መኪና ሊያሠራ ለመጣው ሁሉ "ልጄ ለአገሯ ልትጫወት ነው" ይል ነበር አሉ።

ውድድሩ የነበረው ባህር ጠረፍ ላይ ባለች፣ በጣም በምትሞቅ ከተማ ነው። ለማለፍ የመጨረሻውን ጨዋታ ማሸነፍ ነበረብን። የመጀመሪያውን ዙር 25 ለ 21 አሸነፍን። ሁለተኛውን 25 ለ 19 ተሸነፍን። ሦስተኛውን 25 ለ 23 ወሰድን። አራተኛውን 25 ለ 20 ሰጠናቸው። በአምስተኛው 14 ለ 12 እየመሩን አንድ ነጥብ አገባንና 14 ለ 13 ሆነ። ሰርቭ የማደርገው፣ ማለትም ኳሱን ከኋላ መስመር መትቼ የማስጀምረው፣ እኔ ነበርኩ። ኳሱን ይዤ ከመስመሩ ጀርባ ስቆም የእነሱ አሰልጣኝ እረፍት ጠየቀ። በዚያች 30 ሰከንድ ኮቼ የሚለውን አልሰማሁትም። የሚታየኝ የአባቴ ፊት ብቻ ነበር። ተመልሼ ስቆም እጄ የራሴ አልመስለኝ አለ። ኳሱ መረቡ ላይ ቀረ። 15 ለ 13። አለቀ።

አንድ ሰው ያንን ሰርቭ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። "ይቺን ማን መረጣት?" የሚል አለ። "ቤቷ ሄዳ ሽንኩርት ትላጥ" የሚል አለ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ።

ቤት ስመለስ እናቴ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። አንዷ ጎረቤታችን "ምናለ ትንሽ ጠንከር አድርገሽ ብትመቺው?" አለችኝ። በክፋት አይደለም። አባቴ "እንኳን በሰላም መጣሽ" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ጨዋታው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። 4 ሳምንት ሆነው።

ጫማውን አልጋ ስር ደብቄዋለሁ። ኮቼ 5 ጊዜ ደወለልኝ፤ አላነሳሁም። ከቡድናችን የቴሌግራም ግሩፕ ወጥቻለሁ። ኳሱን ለመቺዎች ከምታመቻቸው ልጅ፣ ከሴተራችን ጋር እንደ እህትማማች ነበርን፤ እሷንም ሸሽቻታለሁ። ሌሊት ሌሊት ያ ሰርቭ ይመጣብኛል። አንዳንዴ ምነው ባልተፈጠርኩ እላለሁ።

ክለቤ በሚቀጥለው ወር ልምምድ ይጀምራል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ቦሌ ልብስ ቤት ውስጥ ሥራ አግኝታልኛለች። ኳሱን ትቼ ሥራ ልግባ? ወይስ ልመለስ? ብመለስስ በየትኛው ፊቴ?

7 ቁጥር ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

*

የኔ ልጅ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሰርቩም ስለ አባትሽም እናወራለን። መጀመሪያ ግን በአንድ መስመር ጠቅሰሽ ቶሎ ያለፍሻት ነገር ላይ ልቁም። "ምነው ባልተፈጠርኩ" ብለሻል።

ይህን አባባል በእኛ አገር ሰው ሲናደድም ሲያፍርም ይለዋል። አንዳንዱ ግን ከልቡ ነው የሚለው። አንቺ የትኛው እንደሆንሽ ከዚህ ሆኜ መገመት አልፈልግም። ስለዚህ ልጠይቅሽ። ይህ ሐሳብ ሌሊት ሲመጣ መጥቶ ይሄዳል? ወይስ ይቆያል? ራስሽን ስለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? መልስሽ አዎ ከሆነ የቀረውን ነገ ታነቢዋለሽ። ዛሬውኑ ለእናትሽ ንገሪያት። አብራችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እነሱ ወደሚመለከተው ይመሯችኋል። አማኑኤል ሆስፒታልም ለዚሁ የቆመ ነው። ጉልበትሽ ቢያብጥ ሐኪም ጋ ትሄጂ የለ? ይኸም እንደዚያው ነው። መልስሽ አይደለም ቢሆንም እንኳ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብለውሽ ከቆዩ ብቻሽን አትታገዪው።

አሁን ወደ ሜዳው እንመለስ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ለዓመታት መረብ ኳስ ያሰለጠነ አንድ ዘመዴ ጋ ሄድኩ። ማን እንደሆንሽ አልነገርኩትም፤ ውጤቱን አነበብኩለት፣ ከመጨረሻዋ ሰርቭ በፊት እረፍት እንደተጠየቀም ነገርኩት። ስለ ሰርቩ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ "እረፍት የጠየቀው ማነው?" አለኝ። የእነሱ አሰልጣኝ ነው አልኩት። "በቃ ፈርቷታል" አለ።

እስቲ አስቢው። እነሱ 14 ላይ ናቸው። የቀራቸው አንድ ነጥብ ነው። ዘና ብሎ መቆም የነበረበት እሱ ነው። አንድ አሰልጣኝ በአንድ ዙር መጠየቅ የሚችለው 2 እረፍት ነው፤ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ። ከነዚያ ውስጥ አንዷን ያወጣት ኳሱን ይዘሽ ከመስመሩ ጀርባ ስትቆሚ አይቶ ነው። ዘመዴ እንደነገረኝ ይህ የቆየ ዘዴ ነው። ሰርቯ የሚያስፈራ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ጨዋታውን ታቆምባታለህ። እጇ ይቀዘቅዛል። ጭንቅላቷ በሐሳብ ይሞላል። አንቺም ላይ የሆነው ይኸው ነው። በዚያ ጨዋታ ስንት ሰርቭሽ ነጥብ እንዳመጣ አልጻፍሽልኝም። ታስታውሻለሽ? ወይስ የምትቆጥሪው የጠፋውን ብቻ ነው?

እኔ ደግሞ ወረቀት ይዤ ውጤቱን ደመርኩት። አምስቱ ዙር አንድ ላይ ሲደመር እናንተ 102 ነጥብ አግብታችኋል። እነሱ 109። ከ109 ውስጥ ያንቺዋ ሰርቭ አንዷ ናት። የቀሩት 108 ከየት መጡ? አንዳንዶቹን በጉልበታቸው አገኟቸው። አንዳንዶቹን የቡድንሽ ልጆች ሰጧቸው፤ አንቺም ሌሎቹን ሰጥተሽ ይሆናል። በሁለተኛው ዙር 4 ለ 4 ላይ የተሳተ ኳስ ማን ቀርጾ ለቀቀው? ማንም። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ነው። የመጨረሻዋ እጇ ላይ የደረሰባት ልጅ የሁሉንም ትሸከማለች። ሕመምሽን በድምር ላጠፋልሽ አልችልም፤ መሸነፍ ያማል፣ በዚያ መንገድ መሸነፍ ደግሞ ይበልጥ ያማል። ግን ሌሊት ሰርቩ ሲመጣብሽ 109 የሚለውን ቁጥርም አብረሽ አስታውሽው።

ዘመዴ ሌላም ነገር አነሳ። እናንተ የምትለማመዱት ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ኳስ ሲመቷት ትሄዳለች። ባህር ጠረፍ ላይ ግን አየሩ ወፈር ይላል። ያንኑ ምት ብትመቺ ኳሷ ቶሎ ትያዝና ዝቅ ትላለች። እዚህ መረቡን ለጥቂት የምታልፍ ሰርቭ እዚያ ልትነካው ትችላለች። ይህን የምነግርሽ ሰበብ ላቀብልሽ ብዬ አይደለም። ምናልባት ኳሷን ያስቀራት ፍርሃት ብቻ ይሆናል። ግን "እኔ ፈሪ ነኝ" የሚል ሐሳብ ምን ታደርጊዋለሽ? በምን ልምምድ ታስተካክይዋለሽ? "ዝቅተኛ ቦታ ስጫወት ምቴን ከፍ ላድርግ?" የሚል ጥያቄ ግን ለኮችሽ የሚቀርብ ነው። መልስም አለው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእረፍቱ ሰዓት የአባትሽ ፊት ብቻ ይታየኝ ነበር ብለሻል። እዚህ ጋ ስደርስ ልቤ ተነካ። የኔ ልጅ፣ ያኔ የያዝሽው ኳስ ብቻ አልነበረም። ጫማውን ይዘሽ ነበር። ዕቁቡን ይዘሽ ነበር። ጋራዡን በሙሉ፣ መኪናውን ሊያሠራ ከመጣው ሰው ጋር፣ በአንድ እጅሽ ይዘሽ ነበር። ያንን ሁሉ ተሸክሞ ማን ሰርቭ ያደርጋል?

አባትሽ ጫማውን ሲገዛልሽ ምን አለሽ? ካላሸነፍሽ አልገዛልሽም ነበር አለሽ? እኔ እንደገባኝ ጫማው የተገዛው እንድትጫወቺበት ነው። ተጫወትሽበት። አምስት ዙር ሙሉ። እሱ በደስታ የሰጠሽን አንቺ በልብሽ ዕዳ አድርገሽ መዘገብሽው። እኛ አገር ውለታ ይከብደናል። ይሉኝታም ይጨመርበታል። የተሰጠንን ሁሉ በዓይነቱ መመለስ ያለብን ይመስለናል። ልጅ ለአባቷ ጫማ የምትመልሰው እንዴት ነው? በዋንጫ? ታዲያ ዋንጫ የሌላቸው ልጆች ሁሉ ባለዕዳ ናቸው?

ዝምታውንም ልንካው። አባቴ አንዲት ቃል አልተነፈሰም ስትዪኝ፣ ዝምታውን በቁጣ ተርጉመሽዋል ብዬ ጠረጠርኩ። ቁጣ ሊሆን ይችላል። ቅር ብሎትም ይሆናል፤ ሰው ነው፣ ሊከፋው ይችላል፣ አንቺም ያንን ትችዪዋለሽ። ግን ሌላም ይታየኛል። ስለ ኳሱ ቢያነሳ የምታለቅሺ መስሎት ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ ያወራው ወሬ እንደከበደሽ ገብቶት አፍሮ ይሆናል። ደግሞ ጫማው የት እንዳለ የማያውቅ እንዳይመስልሽ። ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ነገር የለም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ሲመጣ የጠበቅኩት አልሆነም። አባቴ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ውጤቱ አልተናገሩም። ማዕድ ላይ ዓይናቸውን ሽሽት አንገቴን ደፍቼ ነበር የምበላው። ጠልተውኛል ብዬ ደመደምኩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው እናቴ የነገረችኝ። ያን ሰሞን ማታ ማታ "ይቺን ልጅ ምን ብዬ ላጽናናት?" እያሉ ይጠይቋት ነበር። ቃሉ ጠፍቷቸው ነው። እኔም አልጠየቅኳቸውም። ያ ሁለት ወር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ እንዲቆጭሽ አልፈልግም።

ስለዚህ አንቺ ጠይቂው። እሁድ ቤት ሲውል ጫማውን አውጪና አጠገቡ ቁጭ በይ። ይቅርታ አትጠይቂው፤ ያጠፋሽው የለም። እንዲህ በይው፤ "አባዬ፣ ይህን ጫማ ሳይ እጨነቃለሁ። ያሳፈርኩህ ይመስለኛል። አንተ ያን ቀን ምን ተሰማህ?" ከዚያ ጠብቂው። ቶሎ ባይመልስ ዝምታውን አንቺ በራስሽ ቃል አትሙዪው። ብታለቅሺም አልቅሺ። የሚልሽ ነገር ጥሩም ሊሆን ይችላል፣ ትንሽ የሚያምም ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ግን የእሱ ቃል ይሆናል። አሁን ሌሊት የምትሰሚው አንቺ የሠራሽለትን ቃል ነው።

አሁን ሰው ሊያጽናናሽ ሲል የሯጮቻችንን ስም ይጠራልሻል። ደራርቱ ቱሉ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ 4ኛ ወጥታ፣ በሚቀጥለው ኦሎምፒክ ሲድኒ ላይ ወርቅ አመጣች ይሉሻል። እውነት ነው። ግን ሯጭ ብቻዋን ትሮጣለች። እኔ ላንቺ የሚቀርቡ የመሰሉኝ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ የኬንያ ሴቶች የመረብ ኳስ ቡድን። በእኛ አቆጣጠር በ2010፣ በ2011 እና በ2014 በአፍሪካ ሻምፒዮና ሦስት ጊዜ በተከታታይ ለፍጻሜ ደረሱ። ሦስቱንም በካሜሩን ተሸነፉ። በዚያው መሃል በቶኪዮ ኦሎምፒክ 5 ጨዋታ አደረጉ። አምስቱንም 3 ለ 0 ተሸነፉ፤ አንድ ዙር እንኳ አላሸነፉም። በ2015 ዓ.ም. ግን እዚያው ካሜሩን፣ ያውንዴ ላይ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆኑ።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። አላለቀም። በማግስቱ ዓመት ፓሪስ ኦሎምፒክ ሄደው 3 ጨዋታ ተጫወቱ። ሦስቱንም ተሸነፉ። አሁንም አንድ ዙር አላሸነፉም። እኔን የያዘኝ ይሄኛው ክፍል ነው። እነዚህ ሴቶች ሽንፈትን አንዴ አሸንፈው አልተገላገሉትም። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። እነሱም ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ልምምድ ይመለሳሉ። አንቺም ብትመለሺ ሌላ ጨዋታ ትሸነፊያለሽ። ምናልባት በከፋ ሁኔታ። እንዳትሸነፊ ቃል ልገባልሽ አልችልም። የምጠይቅሽ ይህን ነው፤ ብሸነፍም ይህን ጨዋታ እወደዋለሁ ትያለሽ? ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ስትጠብቂ የነበረው ምን ፈልገሽ ነው?

ስለ ሴተራችሁ። እህትሽ ናት ብለሻል። 4 ሳምንት ሸሽተሻታል። እሷስ እንዴት ናት? ሜዳው ላይ 6 ነበራችሁ፤ የተሸነፋችሁትም አብራችሁ ነው። ምናልባት እሷም ሌሊት የማታስተኛት የራሷ ኳስ አለች። በአራተኛው ዙር ለሌላ ልጅ ማቀበል ሲገባኝ እያለች ይሆናል። አንቺ ጠፍተሽባት ደግሞ በእኔ ተቀይማ ነው ብላ ይሆናል። ረጅም መልዕክት አያስፈልግም። "ናፍቀሽኛል፣ ሻይ እንጠጣ?" በያት። ቃሊቲ አካባቢ አንዱ ሻይ ቤት ተቀመጡ። ስለ ጨዋታው ለማውራት አትቸኩሉ። ይመጣል።

ቲክቶኩን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሁሉንም አንብቤዋለሁ ብለሻል፤ እንግዲያው አዲስ የሚነግሩሽ ነገር የለም። ለ2 ሳምንት ከስልክሽ አጥፊው። በተለይ ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ ፈልገሽ አትግቢ፤ ሌሊት ለሚመጣብሽ ሰርቭ ማገዶ የምታቀርቢለት አንቺ ነሽ። መልስም አትስጪ። ለጎረቤታችሁ ግን አንዲት አጭር መልስ ያዢ። "አዎ፣ ተሸነፍን። በጣም አዝኛለሁ።" በቃ። እሷም በክፋት አልተናገረችም ብለሽኛል። ሰው የሚለው ሲጠፋው የመጣለትን ይላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ኳሱን ትቼ ሥራ ልግባ ወይስ ልመለስ? አስተያየቴን ከፈለግሽ፣ ዛሬ አትወስኚ። ሥራ መግባት የሚያሳፍር ነገር ስለሆነ አይደለም። ቤታችሁ ገቢ የሚፈልግ ከሆነ ወይም ኳሱ በእውነት ከልብሽ ከወጣ፣ በክብር ትተሽው መሄድ ትችያለሽ። የሚያሳስበኝ አሁን ሥራውን የምትፈልጊው ለሥራው ብለሽ ሳይሆን ለመደበቅ እንዳይሆን ነው። ጫማው አልጋ ስር፣ አንቺ ቦሌ ልብስ ቤት። ከዚያ አንድ ቀን ልምምድ በሚጀመርበት ሰዓት አንዲት ልጅ ቱታ ለብሳ ኳስ ይዛ በሱቁ ፊት ስታልፍ ምን ይሰማሽ ይሆን? እፎይ ትያለሽ? ወይስ ሆድሽ ባር ባር ይላል? ቁጭ ብለሽ አስቢው። ለዘመድሽም "2 ሳምንት ስጪኝ" በያት። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ማድረግ ይቻል እንደሆነ፣ ለምሳሌ ግማሽ ቀን መሥራት፣ ጠይቂያት።

በነዚያ 2 ሳምንታት ከኳሱ ጋር ብቻ ተገናኚ። ክለብ አትሂጂ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለሽ፣ ከሌለሽም የሰፈር ልጆች አይጠፉም፣ በብሎኮቹ መሃል ልብስ በማይሰጣበት ሰዓት ገመዱን መረብ አድርጊው። ተጫወቺ። ነጥብ አትቁጠሩ። መጀመሪያ ቀን እጅሽ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይንቀጥቀጥ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዱ ልጅ ኳሱን በአፍንጫው ተቀብሎ ሁላችሁም ስትስቁ፣ ያን ጊዜ ውስጥሽን አዳምጪው።

ሲቀልልሽ ደግሞ ይህችን ሞክሪ። ዘመዴ የነገረኝ ናት። ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ ሰርቭ ለማድረግ 8 ሰከንድ አለሽ። የተጨነቀች ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ እንዲያልፍላት ትቸኩልና ወዲያው ትመታለች። አንቺ ያን ቀን ስንት ሰከንድ ተጠቀምሽ? ከአሁን በኋላ የራስሽ ሥርዓት ይኑርሽ። ኳሱን ሦስት ጊዜ አንጥሪ። ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ አስወጪ። ከመረቡ ማዶ አንዲት ቦታ ምረጪ። ምቺ። ገመዱ ላይም ይሁን ሜዳ ላይ ሁሌም እንደዚያው። ጭንቅ ሲመጣ እጅ የሚያደርገው የለመደውን ነው። የአባትሽ ፊት ከመጣም አታባሪው። ይምጣ፤ አንቺ ግን ቁጥርሽን ቀጥዪ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ኮችሽን ግን 2 ሳምንት አታስጠብቂው። 5 ጊዜ የደወለ ሰው ሊወቅስሽ ብቻ አይደውልም። መደወል ከከበደሽ ጻፊለት። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፤ "ኮች፣ ስልክ ስላላነሳሁ ይቅርታ። ከጨዋታው በኋላ በጣም ከብዶኝ ነበር። ለመመለስ ገና አልወሰንኩም። በዚህ ሳምንት 10 ደቂቃ ማውራት እንችላለን?" ስታገኚው ሦስት ነገር ጠይቂው። ለምን መረጥከኝ? በዚያ ጨዋታ ጥሩ የሠራሁት ምን ነበር? ምን ላስተካክል? የሚሰድብሽ ከሆነ፣ ያም ክለቡን በተመለከተ ለውሳኔሽ የሚጠቅም መረጃ ነው። ሌላ ክለብ ሌላ አሰልጣኝ አለ።

"በየትኛው ፊቴ?" ብለሽ ነበር የጨረስሽው። በዚያችው ፊትሽ ነው። ምንም አልሆነችም።

ጫማውን ግን ዛሬውኑ አውጪው፤ እሁድን አትጠብቂ። አልጋ ስር እርጥበት አለ፣ ሶሉን ያላቅቀዋል። ጠረግ አድርጊና መስኮት አጠገብ አስቀምጪው። አባትሽ ምን እንዳለሽም ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።